የተሸጠ ዕቃ ይመለሳል

ለሸማቾች ጥበቃ የሥራ ክፍሎች፣ ለሕግ መምህራን፣ ለጠበቆች፣ ለአምራቾችና ለአስመጪዎች፣ እንዲሁም ስለ ምርት ኃላፊነት የባለሙያዎች ጉባኤ ለምታዘጋጁ ሁሉ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በጉባኤዎቻችሁ ላይ የተበላሸው ዕቃ፣ የተጎዳው ሰውና ዕቃውን የፈታው ጠጋኝ እንዲገኙ ስለ መጠየቅ

ከጦሳ ተራራ ግርጌ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

በደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና ሱቅ አለኝ። 23 ዓመት ሙሉ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ካውያ፣ ውሃ ማፍያ፣ ራዲዮና ቴሌቪዥን ስፈታና ስገጥም ኖሬአለሁ። ሕግ አልተማርኩም። ልጄ ግን ተምራለች፤ በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸውን አንቀጾች ያነበበችልኝ፣ የከበደኝንም ያስረዳችኝ እርሷ ናት። የምጠይቀው ነገር ግን የራሴ ነው፤ በእጄ ከዳሰስኩት የመጣ ነው።

ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ በላይ የምስማር ቆርቆሮ አለ። ከምስማሩ መሐል አንድ ጥቁር የኤሌክትሪክ መሰኪያ አስቀምጫለሁ። ከእርሱ ልጀምር።

ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የኅዳር ሲታጠን ማግሥት፣ የሰፈራችን ሰው የሆኑ አንዲት እናት እንደ ልማዳቸው ሌሊት ተነሥተው ምጣዳቸውን አጋሉ። አራት ልጆች ያሳደጉት እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች በማቅረብ ነው። ምጣዱ አዲስ ነበር፤ ከተገዛ አራት ወር አልሞላውም። ሊጡን አዙረው አክንባሎውን ሊከድኑ ሲሉ በግራ እጃቸው የምጣዱን ቆርቆሮ ነኩ። ኤሌክትሪኩ ያዛቸው። ትልቋ ልጃቸው ጩኸቱን ሰምታ ሮጣ ቆጣሪው ላይ አጠፋችው፤ ባታጠፋው ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ካሣ ሳይሆን ስለ ሙት ዓመት በሆነ ነበር። ሲለቃቸው ሚዛናቸውን ስተው በቀኝ ክንዳቸው የጋለው ምጣድ ላይ ወደቁ። ከክርን እስከ እጅ አንጓ ተቃጠሉ። ሦስት ወር አልጋገሩም። ደንበኞቻቸውም ሌላ ጋጋሪ ያዙ፤ በእነርሱ አልፈርድም፣ ምግብ ቤት ያለ እንጀራ አይውልም።

ምጣዱን ወደ እኔ ያመጡት እንድጠግንላቸው ነበር።

የኤሌክትሪክ ምጣድን ሆድ አይቶ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከሸክላው ሥር በተቀደደ ቦይ ውስጥ የሚግል ሽቦ ተጠምጥሟል፤ ሁሉንም የሚይዘው ከውጭ ያለው ቆርቆሮ ነው። ሸክላ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ሊጥና ውሃ ሲገባ ኃይሉ ከሽቦው ሾልኮ ወደ ቆርቆሮው ይወጣል። ይህ ያልታወቀ ወይም ያልተጠበቀ ነገር አይደለም፤ ምጣድ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የመሬት ሽቦ፣ እኛ ኧርዝ የምንለው፣ የሚገጠመውም ለዚሁ ነው፤ ያመለጠውን ኃይል ወደ መሬት ወስዶ ማቋረጫው እንዲወርድ ያደርጋል። ጋጋሪዋ መብራት ጠፋ ብላ ታማርራለች እንጂ አትሞትም።

መሰኪያውን ፈታሁት። ጎንና ጎኑ ላይ የመሬት ሽቦ ማገናኛ ብረቶች በቦታቸው አሉ፤ ያብረቀርቃሉ። ከውጭ ያየ ሁሉ የተሟላ ነው ይላል፤ እኔም ሳልፈታው የተሟላ ነው ባልኩ ነበር። ከውስጥ ግን ከእነዚያ ብረቶች ጋር የተገናኘ አንድም ሽቦ የለም። ገመዱ ከመነሻው ባለ ሁለት ሽቦ ነው። አንድ ሰው እነዚያን ብረቶች የገጠመው ለዓይን ብቻ ነው። ሽቦውም ቢሆን ከሚገባው ቀጥኗል፤ 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ላይ 16 አምፔር ያህል ይጎትታል፣ ለዚያ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ይፈልጋል። የቤታቸውን የመሬት መስመር ደግሞ የቀበርኩላቸው እኔው ነኝ። ሄጄ ለካሁት፤ በደንብ ይሠራል። ጥፋቱ የቤታቸውም የእጃቸውም አልነበረም።

ምጣዱን ገልብጬ የአምራቹን ስም ፈለግሁ። ስም የለም፣ አድራሻ የለም፣ የኃይል መጠኑ እንኳ አልተጻፈም።

ከገዙበት ሱቅ ግድግዳ ላይ ሁላችንም የምናውቀው ጽሑፍ ተለጥፏል፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ባለሱቁ ጽሑፉን በጣቱ አሳያቸው። ከዚያ ወደ አንድ ቢሮ አቤት አሉ። ያነጋገራቸው ወጣት ትሑት ነበር፤ ወንበር ሰጥቷቸዋል፤ ክንዳቸውን አይቶ አዝኗል። በመጨረሻ ግን «እማማ፣ ደረሰኝ ይዘው ይምጡ» አላቸው። ሲገዙ ደረሰኝ አልተሰጣቸውም። «ዕድሌ ነው» ብለው ተመለሱ፤ ለእኔም የነገሩኝ እንዲሁ ነው፣ ዕድሌ ነው ብለው።

ያን ማታ ልጄ ሕጉን አውጥታ ስታነብልኝ ነው ደሜ የፈላው። ሕግ የለንም ብዬ አምን ነበርና።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ቁጥር 2085 ስለ ተመረቱ ዕቃዎች ይናገራል። በእኔ ቋንቋ ላስቀምጠው፦ ለትርፍ ብሎ ዕቃ አምርቶ ለሕዝብ ያቀረበ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ላይ ሳለ በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ተጎጂው አምራቹ ቸልተኛ እንደ ነበር እንዲያስረዳ አይጠየቅም። ሕጉ አንድ በር ብቻ ለአምራቹ ይተውለታል፦ ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታይ የሚችል ከነበረ ኃላፊነት የለም። አሁን ወደ መሰኪያዬ ተመለሱ። የትኛዋ እናት ናት ምጣድ ስትገዛ ካቻቢቴ ይዛ ሄዳ መሰኪያ የምትፈታው? ያ በር ለዚህ አምራች ዝግ ነው።

ልብ በሉ፣ ሕጉ «በሌላ ሰው ላይ» ነው የሚለው፤ በገዢው ላይ ብቻ አላለም። ታዲያ ደረሰኝ ምን ሊያደርግ ተጠየቀ? ልጄ ከዩኒቨርሲቲ የተማረችውን የስኮትላንድ ታሪክ የነገረችኝ ይህን ስጠይቃት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1928 ፔይዝሊ በምትባል ከተማ ሜይ ዶናህዩ የምትባል ሴት ከጓደኛዋ ጋር ካፌ ገባች። ጓደኛዋ የዝንጅብል መጠጥ ገዛችላት። ጠርሙሱ ጥቁር ስለሆነ ውስጡ አይታይም። ግማሹን ከጠጣች በኋላ የቀረው ሲቀዳ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ አለች፤ ታመመች፤ አምራቹን ከሰሰች። መጠጡን የገዛችው እርሷ አልነበረችም፤ ከማንም ጋር ውል አልነበራትም። ጉዳዩ እስከ እንግሊዝ የመጨረሻው ችሎት ሄዶ በ1932 ሦስት ዳኞች በሁለት ላይ በልጠው አምራች ለመጨረሻው ተጠቃሚ መጠንቀቅ አለበት ብለው ወሰኑላት። ጥቁር ጠርሙስና ጥቁር መሰኪያ! ልጄ ታሪኩን ስትጨርስ ቡናው ሁለተኛ ደርሶ ነበር፤ እኔ ግን አቦሉንም አልጠጣሁም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ አስቀምጠን ቆጠርን። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሚስቱ በስጦታ ካበረከተችለት የእንጨት መሥሪያ ማሽን የተወረወረ እንጨት ግንባሩን የመታውን ሰው ጉዳይ አይቶ፣ አምራች ቸልተኛ መሆኑ ባይረጋገጥም ኃላፊ ነው ያለው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። አውሮፓውያን ይህንኑ በጋራ መመሪያ ያወጡት በ1985 ነው። የእኛ ሕግ የወጣው በእነርሱ አቆጣጠር በ1960 ነበር። ከካሊፎርኒያው ውሳኔ 3 ዓመት፣ ከአውሮፓው መመሪያ 25 ዓመት ቀድመናል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ኮራሁ፤ ቀጥሎ አዘንኩ። እኔ በ23 ዓመት የሥራ ዘመኔ አንድም ሰው በቁጥር 2085 ካሣ አገኘሁ ሲለኝ አልሰማሁም። የተጎዳ ግን በየወሩ አያለሁ።

ከ1952ቱ ሕግ በኋላም ዝም አልተባለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ። ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል ይላል። እንግዲህ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት በአገሪቱ አዋጅ ላይ የተለጠፈ ነው ማለት ነው። ደረሰኝ የመስጠትንም ግዴታ አዋጁ የጣለው በነጋዴው ላይ ነው፤ ነጋዴው ግዴታውን ሳይፈጽም ሲቀር የሚቀጣው ሸማቹ የሚሆንበት አሠራር ከየት መጣ? የእኚህ እናት 15 ቀን አልፏል፤ ይሁን፣ የምጣዱ ዋጋ ይቅር። ለክንዳቸውና ለሦስት ወር እንጀራቸው የሚጠየቀው ካሣ ግን ሌላ ነው። ለእርሱ አዋጁ ከማምረት እስከ መሸጥ ድረስ በአቅርቦቱ እጁ ያለበትን ሁሉ፣ በተናጠልም በአንድነትም፣ መጠየቅ ይቻላል ይላል። አምራቹ ስሙን ቢደብቅ እንኳ ሻጩ አለ፣ ጅምላ አከፋፋዩ አለ።

አሁን ስለ ጉባኤ ልናገር፤ የጻፍኩላችሁ ለእርሱ ነው።

ከአደጋው ጥቂት ወራት በኋላ በኮምቦልቻ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ስለ ሸማቾች ጥበቃና ስለ ምርት ኃላፊነት ስብሰባ ነበር። የተጠራሁት ተሳታፊ ሆኜ አይደለም፤ የድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ ነው። ሠርቼ ከጨረስኩ በኋላ ዳግመኛ ቢያስቸግር ብዬ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ግማሽ ቀን አዳመጥኩ። የቀረበው ትምህርት ከልቤ ደስ አሰኝቶኛል። አንድ ምሁር ስለ አዲሱ የአውሮፓ የምርት ኃላፊነት መመሪያ አስረዱ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ወጥቶ ከታኅሣሥ 9 ቀን 2026 በኋላ ለገበያ በሚቀርቡ ምርቶች ላይ ይሠራል። ሶፍትዌር እንኳ እንደ ምርት ይቆጠራል። አምራቹ በውጭ አገር ከሆነ አስመጪው ይጠየቃል። ተጎጂው ነገሩ በቴክኒክ ረቂቅ ስለሆነ ማስረዳት ሲከብደው ፍርድ ቤቱ ሸክሙን ያቀልለታል፤ ፋብሪካው በእጁ ያለውን ማስረጃ እንዲያወጣ ሊያዝዘው ይችላል። እያንዳንዱን ነጥብ ስሰማ የእኚያ እናት ክንድ ይታየኝ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ግን አንድም የተበላሸ ዕቃ አልነበረም። ገመድ የለም፣ የቀለጠ ማከፋፈያ የለም፣ የፈነዳ ባትሪ የለም። የተቃጠለ ሰው የለም። ባለሱቅ የለም። ከእኔ በቀር ጠጋኝ አልነበረም፤ እኔም የተቀመጥኩት ለማጉያው ነው። በምርት ላይ ያለን ኃላፊነት ምርት በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው ሲመክሩበት የዋሉት። መሰኪያው ያን ቀን በመሣሪያ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ ሲባል ሦስት ጊዜ አሰብኩ፤ አላነሣሁም። ዛሬ የማነሣው ያን እጄን ነው።

ለዚህ ሙያ ብለው የሚሰበሰቡ ሰዎች በሌላው ዓለም ምን እንደሚያደርጉ ልጄን አስፈልጌአት ነበር። የጠበቆች ብቻ የሆኑ፣ የኩባንያ ተከላካዮች ብቻ የሚመክሩባቸው ጉባኤዎች አሉ። እኔን የሳበኝ ሌላው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተ ዓለም አቀፍ የሸማቾች ምርት ጤናና ደኅንነት ድርጅት አለ፤ በየዓመቱ በሚያደርገው ስብሰባ አምራቹን፣ አስመጪውን፣ ቸርቻሪውን፣ የመፈተሻ ላቦራቶሪውን፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪውን፣ ጠበቃውንና የሸማቾች ተሟጋቹን በአንድ ጣራ ሥር ያስቀምጣል። የተበላሸ ዕቃ እንዴት ከገበያ እንደሚሰበሰብ ይነጋገራሉ። በአሜሪካ ሕግ አንድ አምራች፣ አስመጪ ወይም ሻጭ ዕቃው ከባድ አደጋ ሊያስከትል የሚችል ጉድለት እንዳለበት ሲያውቅ በ24 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ አለበት። ያው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ወደ 100 ከሚጠጉ ሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍሎች ሰዎች በምን ዕቃ እንደ ተጎዱ መረጃ ይሰበስባል። «የቃጠሎ ሕመምተኛ» ተብሎ አይቀርም፤ ያቃጠለውም ዕቃ ይመዘገባል።

በእኛ ዘንድ ያ መዝገብ በሰዎች ጭንቅላት ተበታትኖ ነው ያለው። አንድ ዓይነት ውሃ ማፍያ፣ በአንድ ዓይነት ቦታ ቀልጦ፣ በአንድ ክረምት ሰባት ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ መጥቷል። በሰባተኛው ጊዜ ይህ የአጠቃቀም ስሕተት እንዳልሆነ አወቅሁ። ለማን ልንገር? ሮቢት ያለው የሙያ ጓደኛዬ ስንት አይቶ ይሆን? የቃጠሎ ቁስል የምታጥበው ነርስስ? እያንዳንዳችን አንዳንድ ቁራጭ ይዘናል፤ የሚያጋጥመው የለም።

የሚያንገበግበኝን ልናገር። እኔ ራሴ ስንት ማስረጃ በእጄ አጥፍቻለሁ! ሰው የተበላሸ ዕቃ ሲያመጣልኝ ሥራዬ መጠገን ነው። የቀለጠውን አውጥቼ እጥላለሁ፣ አዲስ እገጥማለሁ፣ ሃምሳና መቶ ብር እቀበላለሁ። ያ የጣልኩት የቀለጠ ቁራጭ ለፍርድ ቤት ብቸኛው ምስክር ሊሆን ይችል እንደ ነበር ለ22 ዓመት ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የእኚህን እናት መሰኪያ እንኳ ያስቀረሁት ሕግ አውቄ ሳይሆን ተናድጄ ነው። ሰው የተጎዳበት ዕቃ ሲመጣ ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሣ፣ ቀን ጻፍ፣ የተበላሸውን ክፍል ለባለቤቱ መልስ ወይም አስቀምጥ፤ አንድ ጉባኤ ለጠጋኞች ይህቺን ብቻ ቢያስተምር በአንድ ዓመት ውስጥ የምስክር ብዛት በተለወጠ ነበር።

ባለሱቆችን በተመለከተ እንዳትሳሳቱብኝ። ጠላቶቼ አይደሉም፤ ከእነርሱ ጋር ነው የምውለው፣ እድርና እቁብ ከእነርሱ ጋር ነው። ምጣዱን የሸጠውን ልጅ ሄጄ አነጋገርኩት። መሰኪያውን ፈትቼ አሳየሁት። ለብዙ ጊዜ አገላብጦ አየውና «ጋሼ፣ እኔ መልሼ ለማን ልስጠው?» አለኝ። ዕቃውን በዱቤ ነው የሚያነሣው። አከፋፋዩ የተመለሰ አይቀበለውም። ለእርሱም ደረሰኝ አልተሰጠውም። የመለሰውን ሁሉ ከኪሱ ከከፈለ በሦስት ወር ሱቁን ይዘጋል። «ጽሑፉን የለጠፍኩት ሰው ጠልቼ አይደለም» ሲለኝ አመንኩት። አዋጁ ሰንሰለቱን ሁሉ ተጠያቂ ማድረጉ ለሸማቹ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ልጅም መድኃኒት ነው፤ እርሱ ለእናቲቱ ከፍሎ አከፋፋዩን፣ አከፋፋዩም አምራቹን ወይም አስመጪውን ሊጠይቅ በቻለ ነበር። ይህንን ግን ማንም ጠርቶ አላስረዳውም። ወደ አዳራሹ ቢጠራ ይመጣል፤ ጠይቄዋለሁ፣ እመጣለሁ ብሎኛል። አበል አልጠየቀም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ቀጣዩን ጉባኤ እዚሁ እኛ ዘንድ አድርጉት፤ በኮምቦልቻና በደሴ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት፤ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ የሚመጣው መንገድ የሚያርፈው እርሷ ላይ ነው። ፋብሪካዎቿ የቆዩ ናቸው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኳም በሐምሌ 2009 ተመርቋል። አስመጪም አምራችም በአንድ ከተማ ይገኛሉ ማለት ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ደሴ ናችሁ፤ ሸማቹ፣ ቸርቻሪው፣ ጠጋኙና ሆስፒታሉ እዚህ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ደሴ ነው፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ነው። የሕግ ተማሪውና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪው አንድ የተቃጠለ መሰኪያ መሐላቸው አስቀምጠው ቢቀመጡ፣ አንዱ ለምን እንዳቃጠለ በመሣሪያ ለክቶ ቢጽፍ፣ ሌላው ማን እንደሚጠየቅ ቢጽፍ፣ ያ ወረቀት ዳኛ ፊት የሚቆም ወረቀት ነው። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝና ምስክርነቴ «ጠጋኝ ነው» ተብሎ ሊናቅ ይችላል፤ የእነርሱ አይናቅም። ለዚህ ሥራ ከእኔ ሱቅ ብቻ በሳምንት ውስጥ አንድ ጆንያ ሙሉ ዕቃ አወጣለሁ።

ስለ ዕለቱም አስቤበታለሁ። የዓለም የሸማቾች መብት ቀን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. መጋቢት 15፣ በእኛ መጋቢት 6 ነው፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1962 ስለ ሸማች መብት ለኮንግረሱ መልእክት የላኩበት ዕለት ነው። በመጪው 2019 ዓ.ም. መጋቢት 6 ሰኞ ላይ ይውላል። ሰኞ ደግሞ የደሴ ገበያ ቀን ነው። ከየወረዳው የወረደው ሕዝብ በአንድ ቦታ ይገኛል። ከሰዓት በፊት ገበያው ውስጥ ድንኳን ጣሉ፤ ሰዎች የተበላሸባቸውን ዕቃ ይዘው ይምጡ፤ ጠበቃውና መሐንዲሱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይዩላቸው። ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ግቡ፤ ጥናታችሁን አቅርቡ፤ ስለ አውሮፓም ተናገሩ፣ እኛም መጥተን እንሰማለን። ነገር ግን ጠዋት ያያችሁት ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ይሁን። በዚያ ቀን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት ያነሣ ባለሱቅ በምትኩ የ15 ቀኑን መብት የሚገልጽ ወረቀት ከእናንተ ተቀብሎ ይለጥፍ። ማጉያውን በነፃ እገጥማለሁ።

መጋቢት 2019 ግን ለእኚህ እናት ይዘገይባቸዋል። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ካሣ የሚጠየቀው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ኅዳር 13 ቀን 2017 የተቆጠረው ጊዜ ኅዳር 2019 ላይ ያበቃል፤ አዲሱ የአውሮፓ መመሪያ ሥራ የሚጀምርበት ወር መሆኑ ነው፤ የፈረንጆቹ ታኅሣሥ 9 በእኛ ኅዳር 30 ነውና። ክንዳቸው ድኗል፤ ቆዳው ግን ተሸብሽቦ አንጓቸው ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ በቀን የሚጋግሩት እንጀራ ከቀድሞው ግማሽ አይሞላም። መካሰስ አይወዱም። «ከሰው ፊት ቆሜ ምን እላለሁ?» ይሉኛል። ትላንት ልጄ አጠገባቸው ተቀምጣ ቁጥር 2085ን ቀስ ብላ አነበበችላቸው። አቋርጠው «ድገሚው» አሏት። ደገመችላቸው። ዝም ብለው ቆዩና የምጣዱ ቆርቆሮ የት እንዳለ ጠየቁኝ። አልጣልኩትም፤ በሱቄ ጓዳ ከመሰኪያው ጋር ነው።

ነፃ የሕግ ድጋፍ የምትሰጡ ጠበቆችና የሕግ መምህራን፣ ከእናንተ አንድ ሰው ከኅዳር በፊት ይምጣልን። ሱቄ ከእሑድ በስተቀር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ ሰኞ ገበያ መጥቶ የምጣድ ጠጋኙን ያለ ሰው ያደርሳችኋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ
ደሴ፣ ሚያዝያ 2018 ዓ.ም.